200,000 እግረኛ ማን ቆጠረው? የጥንት ጦርነት ታሪክን ከኢንተርኔት ማንጠር

ጅማ ከተማ ውስጥ ቡናውን ይዞ ስልኩ ላይ «የሽምብራ ኩሬ ጦርነት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ሳይቆይ የሚያገኘው ተመሳሳይ ነገር ነው። ከበሮ የሚደለቅበት ቪዲዮ ይመጣል፤ ቀይና ሰማያዊ ቀስት የተሳለበት ካርታ ይከተላል፤ ከሥሩ «16,000 ፈረሰኛ፣ 200,000 እግረኛ» ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ ከገጽ ወደ ገጽ እየተቀዳ ስለሚሄድ አሥር ቦታ ሲገኝ አሥር ምስክር ያለው ይመስላል። ምስክሩ ግን አንድ ነው። የጥንትና የመካከለኛው ዘመን የጦር ታሪክን ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ማለት በአብዛኛው ያንን የመጀመሪያ ተናጋሪ አሳድዶ መያዝ ነው። ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ የሚያሳይ ገጽ ጥሩ ገጽ ነው። መንገዱን የሚደብቅ ገጽ ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር አይጠቅምም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ 200,000ን እናሳድደው። ሽምብራ ኩሬ ኢማም አሕመድ (ግራኝ) በማርች 1529 ንጉሥ ልብነ ድንግልን ድል የነሣበት ውጊያ ነው። ዊኪፒዲያ ላይ ከሆናችሁ ጽሑፉን ትታችሁ ወደ ግርጌው ውረዱ። ቁጥሩ አጠገብ ያለችው ትንሿ የማጣቀሻ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ዘመናዊ የታሪክ መጽሐፍ ትወስዳለች፣ የዚያ መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ደግሞ ወደ ጥንታዊው ጽሑፍ። የሽምብራ ኩሬ መንገድ የሚያበቃው «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ላይ ነው። ጸሐፊው ዐረብ ፈቂህ በሚል ስም የሚታወቀው ሺሃብ አድ-ዲን ነው፤ የዘመኑ ሰው ነው፣ የቆመውም ከኢማም አሕመድ ወገን ነው። የንጉሡ ጦር ከ16,000 በላይ ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ ነበረው ይላል፤ የኢማሙን ጦር 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ያደርገዋል። ድል አድራጊው ጠላቱን ባበዛ ቁጥር ድሉ ይገዝፋል፤ ይህ የታወቀ ነው።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ «እንግዲህ ውሸት ነው» ብሎ ይተወዋል። ቁም ነገሩ ግን ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የተሸናፊው ወገን የግዕዝ ዜና መዋዕልም ስለዚያው ቀን ይናገራል፤ የንጉሡን ፈረሰኛ ከ3,000 በላይ፣ እግረኛውን ቁጥር የሌለው፣ የኢማሙን ፈረሰኛ ደግሞ 300 ያህል አድርጎ። ሁለቱ ጠላቶች በቁጥር አይስማሙም። የንጉሡ ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጥ እንደነበር ግን ይስማማሉ፤ ያውም ተሸናፊው ይህን ማመኑ ለራሱ የሚያሳፍር ሆኖ ሳለ። ባላንጣዎች የተስማሙበትን ነገር ማመን ይቻላል፤ አንዱ ብቻውን የተናገረውን ቁጥር ግን ከነባለቤቱ «ዐረብ ፈቂህ እንደሚለው» ብሎ መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ስንቅ ነው። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ጅማ ላይ ቡና የመዘነ ሰው ሁሉ ይችለዋል። አንድ ወታደር በቀን 1 ኪሎ ገደማ እህል ይበላል እንበል፤ በ17 ቀን አንድ ፈረሱላ ጨረሰ ማለት ነው። አንዲት በቅሎ አንድ ኩንታል ገደማ ትሸከማለች። 10,000 ሰው በቀን 10 ቶን፣ ማለትም የ100 በቅሎ ጭነት ይፈጃል። 200,000 ሰው ደግሞ በቀን የ2,000 በቅሎ፣ በአሥር ቀን የ20,000 በቅሎ ጭነት። በቅሎዎቹም፣ 16,000ው ፈረስም ራሳቸው ይበላሉ፤ ያ አልተቆጠረም። የሰልፉን ርዝመትም አስሉት። አራት አራት ሆኖ የሚሄድ እግረኛ በረድፍ መካከል 2 ሜትር ከተወ 10,000 ሰው 5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ 200,000 ሰው 100 ኪሎ ሜትር። የፊተኛው ቦንጋ ሊገባ ሲቃረብ የኋለኛው ገና ከጅማ እየወጣ ነው እንደማለት ነው። ጦር በብዙ መንገድ ተከፋፍሎ ይጓዛል፣ ባለፈበት አገርም ይቀለባል፣ ስለዚህ ስሌቱ ፍርድ አይደለም። ግን ጥያቄውን በትክክል እንድታነሡ ያደርጋችኋል፦ ይህ ቁጥር ተዋጊውን ብቻ ነው ወይስ ጓዝ ተሸካሚውን፣ አብሳዩን፣ ቤተሰቡን ጭምር? የኢትዮጵያ ነገሥታት ሰፈር ከተማ እንደነበር ከ1520 እስከ 1526 አገሩ ውስጥ የቆየው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በዝርዝር ጽፏል። ስለ ጦር ሰፈር አቀማመጥ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ጉዞ ሥርዓት የእሱን ያህል የሚጠቅም የውጭ ሰው በዚያ ዘመን አይገኝም።

የጥንቱን የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ የሄሮዶቱስን ዝነኛ ቁጥር በዚሁ ሚዛን አስቀምጡት። የፋርሱ ንጉሥ ዘርክሲስ ግሪክን ሲወር 2,641,610 ተዋጊ ነበረው ይላል፤ ከተከታዩ ጋር 5,283,220። የመጨረሻዋ አሥር ሳትቀር ተቆጥራለች! እንዲህ ያለ «ትክክለኛነት» ሊያጠራጥር እንጂ ሊያሳምን አይገባም። በአንጻሩ የአክሱሙ ዒዛና ስለ ኖባ ዘመቻው ባስቀረጸው ጽሑፍ የምርኮኛው ድምር 629፣ የተገደለው 758 ነው፤ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቱና ልጁ ለብቻ ተቆጥሮ። ያም የንጉሥ ፉከራ ነው፤ ቢሆንም ግን ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው እንደነበረ ያስታውቃል።

ከኦንላይን ምንጮች ሁሉ ይህን ነገር አጥርቶ የሚያሳየው ግን ከሮማ ጦር የወጣ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ነው። በሰሜን እንግሊዝ፣ ቪንዶላንዳ በተባለ ምሽግ የተገኙት ሰሌዳዎች ከነትርጉማቸው በነፃ ተለቅቀዋል። ከእነሱ መካከል በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተጻፈ የአንድ ክፍል የኃይል መግለጫ አለ። በመዝገብ ያለው ሰው 752። ከዚህ ውስጥ 456ቱ በሌላ ሥራ ሌላ ቦታ ናቸው። ምሽጉ ውስጥ ያሉት 296። ከነሱ 15 ታመዋል፣ 6 ቆስለዋል፣ 10 ዓይናቸውን ታመዋል። ለሥራ ብቁ 265። አንድ ገጽ «በዚህ ምሽግ 752 የሮማ ወታደር ነበር» ካለ አልዋሸም፤ ያን ቀን ጠላት ቢመጣ ግን በር ላይ የሚቆመው ከዚያ ከግማሽ በታች ነበር። የጦር ታሪክ ውስጥ «ስንት ነበሩ» ለሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ የመኖሩ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው። የእኛን ታሪክ በውጭ ቋንቋ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚያሰናክላችሁ ስም ነው። ጅማ ላይ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ አባ ጅፋር የፈረስ ስም መሆኑን፣ የሁለተኛው አባ ጅፋር የራስ ስማቸው ቱሉ እንደነበር የሚያውቅ ብዙ ነው። ነገሥታቱም እንደዚያው ናቸው። ልብነ ድንግልን በዚህ ስም ብቻ ከፈለጋችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል፤ ፉቱሕ የሚጠራው ወናግ ሰገድ ብሎ ነው፣ የአውሮፓ ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳዊት ይለዋል። ገላውዴዎስ አጽናፍ ሰገድ ነው፣ ሠርጸ ድንግል መለክ ሰገድ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የጥምቀት ስሙን፣ የዙፋን ስሙን፣ ካለውም የፈረስ ስሙን አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉና በሁሉም ፈልጉ።

አጻጻፉም ሌላ ጣጣ ነው። የእኛን «ጸ» እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ቲ እና ኤስን አጋጥመው ይጽፉታል፣ የቋንቋ ምሁራን ደግሞ ከሥሩ ነጥብ ባለው ኤስ። የንጉሥ አምደ ጽዮን «አምደ» ሲጻፍ መጨረሻው አንዳንዴ ኤ ነው፣ አንዳንዴ ኢ። ነጥቡን መተየብ አያስፈልግም፣ ጎግል ያለ ነጥብም ያገኘዋል፤ ኤና ኢን ግን ለየብቻ መሞከር ያስፈልጋል። የስሙን ሁለት ቃላት በትምህርተ ጥቅስ ከታችሁ ስትፈልጉ ተያይዘው ያሉበት ገጽ ብቻ ይመጣል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ለታተመ ነገር «ኢትዮጵያ»ን በ«አቢሲኒያ» ተኩ። ፈረንሳይኛና ጣልያንኛም ሞክሩ፣ ምክንያቱም የዜና መዋዕሎቻችን የታተመ ግዕዝ በአብዛኛው የሚገኘው በእነዚህ ቋንቋዎች መግቢያ ሥር ነው። የአምደ ጽዮንን ጦርነቶች ዜና መዋዕል ፔሩሾን በ1889 በፈረንሳይኛ፣ የሠርጸ ድንግልን ኮንቲ ሮሲኒ በ1907 አሳትመውታል። የግቤን አካባቢ የጥንት ታሪክ፣ በተለይ ኢናርያን፣ ለሚከታተል የጅማ አንባቢ የሠርጸ ድንግሉ ዜና መዋዕል ሊታለፍ አይገባውም። የኦሮሞን ሉባ፣ ማለትም በየስምንት ዓመቱ የሚለዋወጠውን የዘማች ትውልድ፣ በ1593 የገለጸው አባ ባሕርይም አብሮ መነበብ አለበት፤ ግን አባ ባሕርይ አገሩ ጋሞ በጦርነቱ የተጎዳበት መነኩሴ መሆኑን ሳትረሱ።

እነዚህ አሮጌ እትሞች የሚገኙት የት ነው? አብዛኞቹ «ኢንተርኔት አርካይቭ» ላይ፣ የፈረንሳዮቹ ደግሞ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በከፈተው «ጋሊካ» ላይ። ስሞቹን እንደሚሰሙት በላቲን ፊደል ብትጽፏቸው ጎግል ያርማቸዋል። ሬኔ ባሴ ከ1897 ጀምሮ ያሳተመው ፉቱሕ አንዱ ክፍል ዐረብኛው ነው፣ ሌላው የፈረንሳይኛ ትርጉሙ፤ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ትርጉም ሳይጠብቅ ዋናውን መክፈት ይችላል፣ ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት አይደለም። በ2003 የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን የባለቤትነት መብቱ ያላለፈ ስለሆነ በሕጋዊ መንገድ በነፃ አይገኝም። ደግሞም ፉቱሕ ጦርነቱ ሳያልቅ ያቆማል። የ1541ን የፖርቹጋሉን አዛዥ የክሪስቶቫኦ ዳ ጋማን 400 ነፍጠኞችና ኢማም አሕመድ የወደቀበትን የ1543ን የወይና ደጋ ውጊያ የምትፈልጉ ከሆነ አብሮ የዘመተውን የሚጌል ደ ካስታንሆሶን ጽሑፍ ፈልጉ፤ በ1564 ሊዝበን ታትሟል፣ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ 1902 ነው።

በነፃ የሚገኘው ትርጉም አብዛኛው አሮጌ የሆነው መብቱ ስላለፈ ነው፤ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። የ1880ዎቹ ተርጓሚ የጦር ነክ ቃል ሲያጋጥመው በራሱ ዘመን ቃል ይተረጉመዋል፤ «ሬጅመንት» ወይም «ጄኔራል» ካነበባችሁ የተርጓሚው ቃል ነው። ግዕዙ በዚያው ጥራዝ ካለ ቃሉን እዚያ እዩት። ጥራዙን የፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ በግዕዝ ፊደል መፈለግ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ማሽኑ የአሮጌ ማተሚያ ቤት ፊደላችንን በወጉ አላነበበውም። ማውጫውን ተከትሎ ገጽ በገጽ መግለጥ ነው።

ብራናውን ራሱን ማየት ለሚፈልግ፣ በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ፎቶዎች በአሜሪካ የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት የኦንላይን ንባብ ክፍል አሉ፤ መለያ መክፈት ነፃ ነው። ሃምቡርግ የሚገኘው «ቤታ መጻሕፍት» ደግሞ የትኛው ድርሰት በየትኛው ብራና እንዳለ ያሳያል። የምሁራን መጽሔት ስትፈልጉ፣ ከ1955 ጀምሮ የሚወጣው የ«አናል ደ ኢትዮጲ» ቆየት ያሉ እትሞች ፔርሴ በተባለው የፈረንሳይ ገጽ፣ ከ1998 የጀመረው የሃምቡርጉ «ኤቲዮፒካ»ም በራሱ ገጽ፣ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይነበባሉ።

የቀን ነገር ከስም ይብሳል። ከጃንዋሪ እስከ ነሐሴ ያለውን የአውሮፓ ዓመት 8 እየቀነሱ ወደ እኛ ማምጣት ሁሉም ያውቃል፦ ማርች 1529 መጋቢት 1521 ነው፣ በሂጅራ 935። ቀኑን ግን የኦንላይን መቀየሪያ ላይ ስታስገቡ ተጠንቀቁ። አውሮፓ አሁን የምትጠቀምበት የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የመጣው በ1582 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ የአውሮፓ ቀን በጁሊያን ነው፣ የእኛ አዲስ ዓመትም ያን ጊዜ የሚውለው ኦገስት 29 ነበር። ወይና ደጋን አንዳንዱ መጽሐፍ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1543 ይለዋል። መቀየሪያው ይህን እንደ ጎርጎርዮስ ቀን ከወሰደው የካቲት 18 ቀን 1535 ይላችኋል፤ ትክክሉ የካቲት 28 ነው። አሥር ቀን ጠፋ ማለት ነው፤ በዘመቻ ታሪክ አሥር ቀን ደግሞ ብዙ ነው። የዓመት ልዩነት ካያችሁም ሁልጊዜ ስህተት አይደለም፤ የአምደ ጽዮንን የኢፋት ዘመቻ አንዳንድ ምሁራን 1329፣ ሌሎቹ 1332 ያደርጉታል።

ስለ ግሪክና ሮማ ፍለጋው ይቀላል። «ላከስ ከርሺየስ» የሚባለው ገጽ የታሪክ ጸሐፊውን የፖሊቢየስን፣ ስለ ከበባ መከላከል የጻፈውን የኤኔያስ ታክቲከስን፣ የጦር ዘዴ የሰበሰበውን የፍሮንቲነስን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ሙሉውን ይዟል። ገጾቹ ያረጁ ይመስላሉ፣ ጌጥ የላቸውም፤ በደካማ ኔትወርክ የሚከፈቱትም ለዚሁ ነው። «ፐርሲየስ» ከዋናው ግሪክና ላቲን ጋር ያስተያያል። በእነዚህ ሁለቱ ብቻ ሃኒባል ሮማን ድል የነሣበትን የካኔን ውጊያ (216 ከክርስቶስ ልደት በፊት) አመሳክሩ፦ ፖሊቢየስ የሞተውን ሮማዊ 70,000 ያህል ያደርሰዋል፣ የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪየስ 45,500 እግረኛና 2,700 ፈረሰኛ። አንዱን ብቻ ጠቅሶ የሚያልፍ ቪዲዮ የቀረውንም እንዲሁ እየመረጠ ነው የሚነግራችሁ። ቬጌቲየስንም ታገኛላችሁ፤ ስለ ሮማ ጦር ከሱ ብዙ የተጠቀሰ የለም፣ ግን እንደ ዘመቻ መዝገብ አታንብቡት። በኋለኛው ዘመን ሆኖ «ድሮ ጦራችን እንዲህ ነበር» እያለ የብዙ መቶ ዓመት ሥርዓት አንድ ላይ የሚቀላቅል ሰው ነው።

ለመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ የምንጮች ስብስብ መጀመሪያ ይሁን፣ ቀጥሎ የመካከለኛው ዘመን የጦር ታሪክ ማኅበር ገጽ «ደ ሬ ሚሊታሪ»። ከ1369 እስከ 1453 ያገለገሉ የእንግሊዝ ወታደሮች የስም መዝገብም በስም፣ በአዛዥና በዓመት የሚፈለግ ሆኖ ተከፍቷል። ደመወዝ ሊከፈለው የተመዘገበ ሰው ስለሆነ ከማንኛውም ተራኪ ቁጥር ይልቅ ይታመናል።

ሥዕል ላይ አጭር ቃል፦ ሠዓሊ የሚስለው የራሱን ዘመን ወታደር ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ የተሳለው ታዋቂው የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕል ሳኦልንና ዳዊትን ጥሩር አልብሶ፣ ሙሉ ራስ ቁር ደፍቶላቸው ያሳያል። ለ13ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ወርቅ ነው፣ ለዳዊት ባዶ። የእኛ ብራናም እንደዚሁ ነው፤ ነፍጥ የያዘ የፈርዖን ጭፍራ ካያችሁ ሥዕሉ መቼ እንደተሳለ ነገራችሁ ማለት ነው።

የቀረው የዳታና የመግቢያ ነገር ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ አንድ መጽሐፍ በብዙ መልክ ይወርዳል። በፎቶ የተነሣው ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው፣ ጽሑፉ ብቻ ያለበት ፋይል ደግሞ ከአንድ ሁለት ሜጋባይት አይዘልም። በሞባይል ጥቅል ከሆናችሁ መጀመሪያ ጽሑፉን አውርዱ፣ የምትፈልጉትን ቦታ ለዩ፣ ከዚያ ያንን ገጽ ብቻ በፎቶ ክፈቱ። ካርታና ግዕዝ ሲሆን ፒዲኤፉ ግድ ነው፤ እሱን ዋይፋይ ስታገኙ። የምሁራን መጽሔቶች በሚከማቹበት ጄስቶር ላይ በነፃ መለያ በየ30 ቀኑ እስከ 100 ጽሑፍ ስክሪን ላይ ማንበብ ይቻላል፣ ማውረድ ግን አይቻልም። ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ወይም የምታስተምሩ ከሆነ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ከግቢው ኔትወርክ ሞክሩ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛም ጠይቁ፤ ጄስቶር ለአፍሪካ ተቋማት የተለየ ፕሮግራም አለው። የጽሑፉ ባለቤት በሕይወት ካለ በኢሜይል ቅጂ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ብዙዎቹ ይልካሉ።

ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት ፒዲኤፎች ብዙውን ጊዜ የርዕስ ገጻቸው ተቆርጧል፤ ማን፣ መቼ፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ የማይታወቅ መጽሐፍ ደግሞ ሊጠቀስ አይችልም። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጠይቃችሁ መጽሐፍና ገጽ ከነገራችሁ ያን መጽሐፍ ከፍታችሁ ገጹን እዩት፤ የሌለ መጽሐፍ አሳምሮ መጥራት ያውቅበታል።

ያገኛችሁትን አኑሩ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በኦክቶበር 2023 በሳይበር ጥቃት ሲመታ በፎቶ የቀረቡት ብራናዎቹ ለረጅም ጊዜ ከመስመር ወጥተው ነበር፤ ሊንኩን ብቻ የያዘ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። የሞተ ሊንክ ሲያጋጥማችሁ አድራሻውን ገልብጣችሁ የኢንተርኔት አርካይቭ «ዌይባክ ማሽን» ውስጥ አስገቡ፤ ጽሑፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ትልልቅ ፎቶዎች ግን እምብዛም። የወረደውን ፋይል በደራሲ ስም፣ በእትም ዓመትና በተርጓሚ ስም ሰይሙት። ማስታወሻ ስትይዙም ወረቀቱ ላይ የታተመውን የገጽ ቁጥር ጻፉ፣ ፒዲኤፉ የሚያሳየውን ሳይሆን፤ አሮጌ እትሞች ረጅም መግቢያቸውን በሮማ ቁጥር ለብቻ ስለሚቆጥሩ በፋይሉ 130ኛ የሆነው ገጽ በመጽሐፉ 22ኛ ሊሆን ይችላል።